ግማሽ ሊትር ወተት

ሽንት አፍልቼ እንጀራ የምበላ ሴት ነኝ። ሳቁ ግዴለም፤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በዚህ ያልሳቀብኝ ጎረቤት የለም። በጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ተቀምጬ የሰው ሽንት በብርጭቆ ቱቦ እቀዳለሁ፣ አናቱን በአልኮል ኩራዝ አሞቃለሁ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ አሲድ ጠብ አደርግበታለሁ። ደህና ኩላሊት ያጣራው ሽንት ቢፈላም ጥርት ብሎ ይቀራል። የተጎዳ ኩላሊት ግን ለሰውነት ማስቀረት የሚገባውን ፕሮቲን ስለሚያሾልክ የቱቦው አናት እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋል። ሥራዬ ይኸው ነው። የራስ ሰው ሽንት እስኪመጣ ድረስ ምንም የሚከብድ ነገር የለውም።

በ1979 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ የታናሽ ወንድሜን የወልደጻድቅን ሽንት አፈላሁ። ረጋ። ቱቦው ቆሽሾ ይሆናል ብዬ በሌላ ደገምኩት። አሁንም ረጋ። ከዚያ ወዲያ ቱቦ መወንጀሉን ተውኩት።

ወልዴን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ስድስት። አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር አብዛኛውን ሌሊት ጅቡቲ መስመር ላይ ነው የሚያድረው፤ እሱም ብዙ አልቆየልንም። ሊያገባኝ የጠየቀ ሰው አልጠፋም። ልጁን አስከትዬ እንደምመጣ ስነግረው ግን እግሩን ያሳጥር ነበር። ይቅርታ አልጠይቅም፣ አልጸጸትምም። ወልዴ "እትዬ" ሲለኝ ከየትኛውም "ወይዘሮ" ይበልጥብኝ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ማትሪክ ሳይሳካለት ሲቀር አንበጣ መከላከያ ተቀጠረ። ክንፍ ያላበቀለውን አንበጣ፣ ኩብኩባውን፣ መሬት ላይ እያለ መጨረስ ነው ሥራቸው። ከዱቄት ፋብሪካ የሚመጣውን ፉርሽካ ሸራ ላይ ይዘረግፉና መርዙን በላዩ ነስንሰው በአካፋ ያማስላሉ፤ ከዚያ ከመልካ ጀብዱና ከዋሂል ማዶ ባለው ሜዳ ላይ ይበትኑታል። አፍና አፍንጫቸውን በሽርጥ ጫፍ ይሸፍናሉ። ነፋሱ ደግሞ የድሬዳዋ ነፋስ ነው፣ ሽርጥ ገልጦ መግባት ያውቅበታል። ወልዴ ማታ ሲመጣ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ነጭ ዱቄት ይገኝ ነበር።

ለምን አልተወውም? እኔም ጠይቄዋለሁ። መልሱ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር፤ "ሠራተኛው በአስቸኳይ አገራዊ ዘመቻ ላይ ስለሚገኝ" የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ። ቀበሌው ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና በሚለቅምበት ሰዓት ያን ወረቀት ማውጣት ብቻ ነው የሚያድነው። ከሱ ጋር ከጨረሱት የሰፈራችን ልጆች አምስቱ ወደ ሰሜን ተወስደዋል፣ ደብዳቤ ይጽፍ የነበረው አንዱ ብቻ ነው። ዱቄቱን ፈርቶ ቢተው ወታደር፣ ውትድርናን ፈርቶ ቢቀመጥ ዱቄት። ሽንቱ ከረጋ በኋላ የወሰድኩት ሐኪምም ጨው እንዲቀንስና ከመርዝ እንዲርቅ ነግሮት የአንድ ሳምንት እረፍት ጻፈለት፤ ስምንተኛው ቀን ላይ የመሥሪያ ቤቱ መኪና በራችን ላይ ጡሩንባ ነፋ።

ሠራተኞቹ ከመርዝ ያድነናል ብለው የሚተማመኑበት አንድ ነገር ነበራቸው፤ ወተት። መሥሪያ ቤቱ ለእያንዳንዱ በቀን ግማሽ ሊትር ይሰጣል፣ የኢሳ ሴቶች በአህያ ጭነው ግምጃ ቤቱ ድረስ ያመጡታል። ከሜዳ ሲመለሱ ሳይታጠቡ፣ ጣሳ ጣሳቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ወተት መርዝን ያጥባል። ይህን ያልሰማ ድሬዳዋ ውስጥ ማን አለ? እኔም ጎንደር ድረስ ሄጄ የጤና ትምህርት የተማርኩት ሴት፣ "ወተትህን ጠጣህ?" እያልኩ በየማታው እጠይቀው ነበር።

ሽንቱ ከረጋ በኋላ ወደ አቶ ካሣ ሄድኩ። አቶ ካሣ መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ ሕንፃው ተወርሶበት በገዛ መድኃኒት ቤቱ ኪራይ ከፋይ ሆኗል። ጓዳው ውስጥ አይጥ ያረባል። ሰው አእምሮውን ነክቶታል ይለው ነበር፣ እኔ ግን ቁም ነገሩን አውቃለሁ። አይጦቹን መርዝ ያበላና ጉበትና ኩላሊታቸውን የሚጠብቅላቸው ዕፅ ይፈልጋል። ጥቁር አዝሙድ ሞክሯል፣ የሽፈራው ቅጠል ሞክሯል። ያን ጊዜ ተስፋ የጣለው እርድ ላይ ነበር። የእርዱ ቢጫ ቀለም ኩላሊትን ከመርዝ የሚከላከል ኃይል አለው፣ ችግሩ ግን በውኃ አይሟሟም፣ አንጀት ሳይቀበለው አልፎ ይሄዳል ብሎ አስረዳኝ። ተሸካሚ ያስፈልገዋል፣ ተሸካሚውም ቅባት ነው አለኝ።

ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ስለነበር ቅባቱን ለጊዜው ተውነውና እርዱን በውኃ በጥብጬ ጠዋት ጠዋት ሰጠሁት። ሁለት ሳምንት ምንም ለውጥ አልነበረም። ጾሙ ገባ። ወልዴ ሲጾም ቀልድ አያውቅም፤ ወተቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሥራ ባልደረባው ለዓብዱልአዚዝ ሰጠው። ዓብዱልአዚዝ መጋላ ሰፈር የተወለደ፣ ቁመቱ በር የማያስገባው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ቋንቋ የሚቀይጥ ልጅ ነው። የራሱንም የወልዴንም ጣሳ እየገለበጠ፣ ይሄ ጾም ይገልሃል አቦ፣ እያለ ይቀልድበት ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽንቱን ሳፈላ ደመናው ሳስቷል። እንዲያው ልጨምርበት ብል ኖሮ ጠፍቷል እል ነበር። ነጠላዬን በትክክል ሳላጣፋ ወደ አቶ ካሣ ሮጥኩ። እሱም እንደኔ ፈነደቀ። በውኃ ይህን ካደረገ በቅባት ምን ሊያደርግ ነው፣ አለ። ሁለታችንም የተማርን ሰዎች ነን። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ በወልዴ ሕይወት ምን ተለወጠ ብለን ለመጠየቅ ግን አንዳችንም አልደረስንበትም። እርዱማ ቀድሞም ነበረ። የተለወጠው ወተቱ ነበር። ይህን ዛሬ ስጽፈው እንኳ እጄን ያቃጥለኛል።

መድኃኒቱን ጓዳው ውስጥ አብረን ሠራነው። ንጥር ቅቤ፣ እርድ፣ ማርና የእንቁላል አስኳል ጠርሙስ ውስጥ ጨምረን ክንዳችን እስኪዝል እየተፈራረቅን መናጥ ነው። አቶ ካሣ እንደሚለው የቅቤው ጠብታ ባነሰ ቁጥር አንጀትን በቀላሉ ያልፋል፣ የተሸከመውንም ደም ውስጥ ያደርሳል። እኔ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ጠብታ ወስጄ ጤና ጣቢያው ማይክሮስኮፕ ሥር አየው ነበር። አምስተኛው ጠርሙስ ላይ ጠብታዎቹ ከማየት አልፈው ደቀቁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

የቀረው ጾሙ ነው። ወልዴ ቅቤ በሁዳዴ አይሞከርም አለ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ በመጨረሻ የንስሐ አባታችንን አባ ሀብተ ማርያምን ቤት ድረስ አመጣኋቸው። ነገሩን በትዕግሥት አዳምጠው ለመድኃኒት ነውና ፈቀዱ፤ ስለ ጾሙ ግን ስግደት እንዳለበት ተናገሩ። እሱ በታመመ ጎኑ ሊሰግድ አይችልም፣ እኔ እሰግድለታለሁ አልኩ። በየማለዳው አርባ ጊዜ ሰገድኩ። ጉልበቴ ላይ የቀረው ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ።

እንዴት እንደሚወስደው ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። መርዙ ሳይሰርጽበት ይድረስለት ብዬ ጠርሙሱን ይዞ እንዲሄድና ከሜዳ እንደወጣ፣ ፊቱን እንኳ ከመታጠቡ በፊት፣ ሁለት ማንኪያ እንዲጠጣ ነገርኩት። አፉ ውስጥ ዱቄቱ እየመረረው እንደሆነ፣ ማሩ ግን ምሬቱን ጠርጎ እንደሚያወርድለት ነገረኝ። ደስ አለኝ። ጾሙ አንዴ ከተፈታ ምን ቀረ ብሎ የወተት ጣሳውንም ከዓብዱልአዚዝ ተቀበለ።

በአሥር ቀን ውስጥ ደመናው ተመልሶ ወፈረ። ሕመሙ መድኃኒቱን እየታገለው ነው ብዬ መጠኑን እጥፍ አደረግሁት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በሆሣዕና ዕለት ለቤተ ክርስቲያን ሲለብስ ጫማው እንቢ አለው። ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠቦ ነበር። ሽንትህን አምጣ ስለው ቱቦዬን የማይሞላ፣ ሻይ የመሰለ ነገር ሰጠኝ። አላፈላሁትም። ምን እንደሚያሳየኝ አውቄው ነበር።

ሆስፒታል አስተኛነው። ሐኪሙ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ እያቆሙ እንደሆነ ነገረኝ። በውጭ አገር የኩላሊትን ሥራ ተክቶ ደም የሚያጥብ መኪና እንዳለ፣ እኛ አገር ግን እንደሌለ፣ ወደ ውጭ ለመሄድም የመውጫ ፈቃድ ለማግኘት ስንት ወር እንደሚፈጅ፣ ወልዴ ግን ወር እንደሌለው ዘርዝሮ ነገረኝ። ጥሩ ሰው ነበር። ከሱ በፊት ለስንት ሰው ይህንኑ እንዳለ ከድምፁ ያስታውቃል።

ሰኞ ዕለት የሕመም ፈቃዱን ለማስፈረም መልካ ጀብዱ መንገድ ላይ ወዳለው ግምጃ ቤት ሄድኩ። ፈራሚው እስኪመጣ ጥላ ፍለጋ ወደ በርሜሎቹ ተጠጋሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሜ ያን በርሜል ሲከፍት ኖሯል፣ እኔ ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ጎኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሞ ያነበበው ሰው አልነበረም፤ እኔ አነበብኩት። መርዙ በቅባት የሚሟሟ መሆኑን፣ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወዲያው በሳሙና መታጠብ እንዳለበት ይናገራል። ከሥሩ በቀይ፣ ለተመረዘ ሰው ወተት፣ ዘይት ወይም ማንኛውም ቅባት እንዳይሰጥ፣ ቅባት መርዙን በፍጥነት ወደ ደም እንደሚያሳልፈው ጽፎበታል። ደጋግሜ አነበብኩት። ከኋላዬ ሠራተኞቹ ጣሳ ይዘው ተሰልፈዋል፣ የአህዮቹ ሴቶችም ደርሰው ነበር።

ፊርማውን ሳልቀበል ወደ አቶ ካሣ ሄድኩ። ያነበብኩትን ስነግረው እጁ ላይ የነበረውን ሙቀጫ አስቀመጠና ወደ አይጦቹ ዞረ። እሱ አይጦቹን መድኃኒቱን ያበላቸው ከመርዙ ሁለት ቀን ቀድሞ ነበር። ቅቤውና መርዙ አንድ ሆድ ውስጥ አብረው ሲገናኙ አይቶ አያውቅም። ከዚያ ቀና ሳይል ተናገረ።

"ሰርካዲስ፣ ተሸካሚ ማንን እንደተሸከመ አያውቅም። እርዱንም ተሸክሞለታል፣ መርዙንም ተሸክሞለታል።"

ልሰድበው ፈልጌ ነበር። ግን ማንኪያውን ያዘዘው እሱ አይደለም። "ሳትታጠብ ጠጣ" ያልኩት እኔ ነኝ፣ የጾመውን ያስገደፍኩት እኔ ነኝ፣ ቄሱን በእግራቸው ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙን ስጠይቀው ኩላሊቱ ቀድሞውንም የተጎዳ ስለነበር እንዲህ ነው ብሎ ለመወሰን እንደማይቻል፣ ቅቤው አባብሶት ሊሆን እንደሚችል፣ ላይሆንም እንደሚችል ነገረኝ። ይህን መልስ ለሌላ ሰው ቢነግረው ማጽናኛ ይሆን ነበር። እኔ ግን በሁለቱም በኩል ወጋኝ።

ወልዴ አልጋው ላይ ሆኖ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ቢጫውን መድኃኒት ነበር። እርድ ከገበያ ጠፋ አልኩት። ፋሲካ አልፎ በማግሥቱ እንደገና ጠየቀኝ።

"እትዬ፣ ስለ ጾሙ ከሆነ አባ ፈቅደውልኛል እኮ። ደግሞም አሁን ተፈስኳል። ትንሽ አምጪልኝ፣ አቁሞኝ የነበረ እሱ ነው።"

"ነገ አመጣልሃለሁ" አልኩት።

እውነቱን አልነገርኩትም። ምን ብዬ? በዚህ ዓለም ላይ የሚያምነው አንድ ሰው እኔ ነበርኩ፣ ያን ደግሞ ልቀማው አልቻልኩም። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሞተ። እጁ እጄ ውስጥ ነበር፣ ጣቶቹ በእብጠት የኔን ሁለት ያህሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ለቅሶ ብዙ አልጽፍም። ጮኼ አለቀስኩ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሰው መጣ።

በሦስተኛው ቀን ዓብዱልአዚዝ ስድስት ሠራተኞች አስከትሎ መጣ። ድንኳኑ ሥር አንገቱን ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ጠራኝና የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ለመሥሪያ ቤቱ የተጻፈ አቤቱታ ነው። ጓድ ወልደጻድቅ የወተት ድርሻውን ሳይጠጣ ሰንብቶ በመርዝ ተጎድቶ ስለሞተ፣ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ወተት ወደ አንድ ሊትር ከፍ እንዲልልን ይላል። አርባ አንድ ሰው ፈርሞበታል፤ የማይጽፉት አውራ ጣታቸውን አትመዋል። የጤና ባለሙያ ስለሆንኩ የኔ ፊርማ ከሁሉም እንደሚከብድ አስረዳኝ።

ዓብዱልአዚዝን ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኩት። በርሜሉ ላይ የተጻፈውን፣ ቅባቱ መርዙን እንዴት እንደሚሸከም፣ በጾሙ ሦስት ሳምንት የወልዴ ሽንት እንዴት እንደጠራ፣ ከዚያ እኔ ምን እንዳደረግሁ። ለማንም ያልነገርኩትን ለሱ ነገርኩት። 

"ወላሂ ሰርካዲስ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ" አለኝ። "የሱንም የኔንም ጠጣሁ። ይኸው ቆሜልሻለሁ። እሱ ጾመ፣ አሁን የት ነው? በርሜሉን ልመን ዓይኔን ልመን?"

ወተቱን ተዉ፣ ሳሙናና ውኃ ጠይቁ፣ መጀመሪያ ታጠቡ አልኩት። ሜዳ ላይ ውኃ ከየት ይመጣል አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ አይመጣም። እንግዲያው ጤና ጣቢያ ና፣ ሽንትህን ልየው ብዬ ለመንኩት። ታሞ እንደማያውቅ ነግሮኝ እንባውን በሽርጡ ጠረገ። ወረቀቱን ያለ ፊርማዬ አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ አልተቀየመኝምም፤ ወጥቶ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠ።

እኔም የራሴን ደብዳቤ ጽፌ የበርሜሉን ጽሑፍ በአማርኛ ገልብጬ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አስገባሁ። ኃላፊው አስጠርቶኝ ወንበር ሰጠኝ፣ ስለ ወንድሜ አዘነልኝ። ከዚያ ወተቱ ሠራተኛው በትግሉ ያገኘው መብት እንደሆነ፣ እሱን ለማስቀረት የሚነሳ ሰው በምን ዓይን እንደሚታይ ማሰብ እንዳለብኝ መከረኝ። ድምፁን አንዴም ከፍ አላደረገም። ደብዳቤዬን መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ ዘጋው።

የነሱ አቤቱታ ሰኔ ውስጥ ተፈቀደ። ማስታወቂያውን ግምጃ ቤቱ በር ላይ ለጥፈውት፣ ለጓድ ወልደጻድቅ መታሰቢያ የሚል መስመር ጨምረውበታል። አንድ ቀን ስሄድ ተሰልፈው አገኘኋቸው፣ ዱቄቱ ቅንድባቸው ላይ ነበር። ዓብዱልአዚዝ አየኝና ተራውን ለቆ መጣ፤ ጫማውን ተረከዙን ረግጦት ነው የሚሄደው፣ እግሩ አብጦ አልገባ ብሎት። የመጀመሪያውን ጣሳ የመንግሥት፣ ሁለተኛውን ደግሞ የወልዴ እንደሚሉት፣ የወልዴን ሳይጠጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ አንድም ሰው እንደሌለ በኩራት ነገረኝ።